ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር በድሬ ቤት፦ ከግድግዳ አርቁት፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙት

ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር እጃችሁ ከገባ የመጀመሪያው ሥራ ከግድግዳ ማራቅ ነው። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። አዲስ አምፕ (ስፒከሩን የሚነዳው አምፕሊፋየር) ወይ ወፍራም ገመድ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ስፒከሩን አንሱና ወደ ክፍሉ መሃል አምጡት። ስንት ብር ወጥቶበት ግድግዳ ላይ እንደ ቁም ሳጥን ተለጥፎ ሳየው በእውነት ያሳዝነኛል።

ለምን መሰላችሁ? ተራው ስፒከር ሳጥን አለው። ከፊት የሚወጣውን ትሰማላችሁ፣ ከኋላ የሚወጣውን ሳጥኑ ውጦ ያስቀረዋል። ይሄኛው ሳጥን የለውም። ቀዳዳ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ብረቶች መሃል ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ፕላስቲክ ተወጥሯል፤ ፕላስቲኩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይቀመጥበታል። ሙዚቃው በብረቶቹ ሲመጣ አንዱ ብረት ይስበዋል፣ ሌላው ይገፋዋል፣ ፕላስቲኩም ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይቆማል። ዑድ ስትሰሙ ጅማቱ ከመጮሁ በፊት መምቻው ጅማቱን ሲነካ ያለችው ትንሽ ጠቅታ ለብቻዋ ትሰማለች። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ታውቃላችሁ። እንግሊዛዊው ፒተር ዎከር በኳድ ስም እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ያወጣውን ስፒከር እስከ ዛሬ እያስጠገነ የሚሰማ ሰው ያለው ለዚህ ነው።

ሳጥን ስለሌለው ግን ድምፁ ከኋላም እኩል ይወጣል። የኋላው ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ስፒከሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ከራቀ ያ ድምፅ ሄዶ ሲመለስ ሁለት ሜትር ይጓዛል፣ ከፊተኛው ድምፅ በ6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ይህን ያህል ሲዘገይ ጆሮ እንደ ስፋትና ጥልቀት ይቀበለዋል። ከዚህ በጣም ሲያጥር ግን ከፊተኛው ጋር ተደባልቆ ያደፈርሰዋል፣ ድምፃዊው አፉን በነጠላ የሸፈነ ይመስላል። አንድ ሜትር ትንሹ ነው። ቦታ ካላችሁ አንድ ተኩል አድርጉት።

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ያሉት የባቡሩ ዘመን ቤቶች ለዚህ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፣ ሳሎናቸውም ሰፊ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አትዘኑ፣ ሌላ መላ አለው። ስፒከሮቹን ስትሰሙ ብቻ ወደ ፊት አምጧቸው፣ ስትጨርሱ መልሷቸው። የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ በየቀኑ ሌላ ድምፅ ነው የምትሰሙት። ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ጥሩ ዜና ደግሞ አለ። የፊቱና የኋላው ድምፅ በጎን በኩል ስለሚጣፋ ወደ ጎን የሚወጣው በጣም ትንሽ ነው። የጎን ግድግዳ ቢቀርባቸውም ከተራ ስፒከር ያነሰ ነው የሚጎዳቸው።

አቀማመጡን በጆሮ ጨርሱት። በደንብ የምታውቁትን አንድ ድምፃዊ ክፈቱ፣ እናንተ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው ስፒከሩን ትንሽ ትንሽ ያንቀሳቅስላችሁ። ድምፃዊው መሃል ላይ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብሎ የቆመ ሲመስላችሁ በቃ፣ እዚያው ተዉት። ሁለቱ ከእናንተ ያላቸውን ርቀት ግን በሜትር ለኩ። በዓይን አይሆንም፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ድምፃዊውን ወደ አንዱ ጎን ይስበዋል። እንደ ማርቲን ሎጋን ኩባንያ ስፒከሮች ፊቱ የታጠፈ ከሆነ ቀላል ዘዴ አለው። ማታ መብራት አጥፉና የምትሰሙበት ቦታ ተቀመጡ። የሞባይላችሁን ፍላሽ አገጫችሁ ሥር ያዙና ወደ ስፒከሩ አብሩት። ነጸብራቁ ወደ ውስጥ ባለው የስፒከሩ አንድ ሦስተኛ ላይ መውደቅ አለበት። ወደ ውጭ ካመለጠ ስፒከሩን ወደ ውጭ፣ በጣም ወደ ውስጥ ከገባ ወደ እናንተ አዙሩት። ሁለቱም ላይ እኩል ቦታ እስኪወድቅ ድረስ አትተዉት።

አሁን ወደ አቀማመጣችን ልምጣ፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ሰው ሶፋ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። መጅሊስ ወይም ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋችሁ የምትሰሙ ከሆነ ጆሯችሁ ሶፋ ላይ ከሚቀመጥ ሰው በጣም ዝቅ ይላል። እነዚህ ስፒከሮች ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ፊት ነው እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ አይበትኑትም። ስለዚህ ከኋላ እግራቸው ሥር ስስ እንጨት አስገቡና ፊታቸውን ትንሽ ወደ ታች አዘንብሉት። የማይወዛወዝ መሆኑን ግን በእጃችሁ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ፣ የሚወድቅ ነገር አይደለም። ሐረር የጥንቱ ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ከፍ ያለው ነደባ (መደብ) ላይ ስትቀመጡ ስፒከሩ ታች ወለሉ ላይ ይቀራል። ያኔ ጠንካራ መቆሚያ አሠርታችሁ ከፍ አድርጉት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አታውርዱ! ሞላላው፣ ጠፍጣፋው፣ ክዳን ያለው ተደባልቆ ሲሰቀል ድምፁን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይበትነዋል። ሰው ለዚህ ሥራ በውድ ዋጋ ሰሌዳ ይገዛል፣ ሐረሪ ቤት ከድሮም ተሰቅሎ አለ።

መብራት። እነዚህ ስፒከሮች ከአምፑ ሌላ ራሳቸውም ሶኬት ይፈልጋሉ፣ ያ ሁሉ ቮልት ከዚያ ነው የሚመጣው። የሚወስዱት ኃይል በጣም ጥቂት ስለሆነ ቆጣሪው አያሳስባችሁ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፣ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ጥሩ ስታቢላይዘር ግዙ። መብራት ሲሄድ አምፑንም ስፒከሩንም ከዲቫይደሩ ንቀሉ፣ ተመልሶ መጥቶ እስኪረጋጋ ድረስ አትሰኩ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ተነቅሎ የቆየ ስፒከር መልሳችሁ ስትሰኩ መጀመሪያ ድምፁ ደከም ሊል ይችላል፣ እስኪሞላ ትንሽ ታገሡት።

ድምፅ አታስጩሁበት። ይህን የምለው ለጎረቤት ብዬ ብቻ አይደለም። ሙዚቃው ከልክ በላይ ሲጮህ ፕላስቲኩና ብረቱ መሃል ያለው አየር ኤሌክትሪኩን መከልከል ያቅተውና ጧ! ብሎ ብልጭ ይላል። ፕላስቲኩን ሊበሳው ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ይህ ቶሎ ይመጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። የድሬ ሙቀት ደግሞ አየሩን ይበልጥ ያሳሳዋል። አውሮፓ ባሕር ዳር ያለ ሰው የሚከፍተውን ያህል እናንተ ባትከፍቱት ይሻላል። ለሠርግ ሌላ ስፒከር ተከራዩ። ደግነቱ ይህ ስፒከር ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት አይደበዝዝም፣ በመካከለኛ ድምፅ ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

አምፑን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እወቁ። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ የስፒከሩ ኦም (ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) እየወረደ ይሄዳል፣ አንዳንዱ 20,000 ኸርዝ ላይ ከአንድ ኦም በታች ይደርሳል። ርካሽ አምፕ እዚህ ላይ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል። ዝቅተኛ ኦም የሚችል፣ የረጋ አምፕ ፈልጉ፣ ከዋቱ ብዛት ይልቅ ይህን ጠይቁ። ቤዙም ከልክ በላይ አያጓጓችሁ። የፊቱና የኋላው ወፍራም ድምፅ በዳር ዞሮ ሲገናኝ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮስታቲክ የሆነው ቤዙ ጥርት ያለ ነው እንጂ ደረት አይመታም። ደረት እንዲመታ ከፈለጋችሁ ከታች ተራ ዉፈር (የቤዝ ስፒከር) የተገጠመለትን ዓይነት ግዙ።

ከሁሉ የሚብሰው አቧራ ነው፣ ድሬ ላይ ስለ አቧራ ለማንም አይነገርም። ቮልት ያለበት ፕላስቲክ አቧራን ይስባል። የዕጣን ጭስንም ይስባል። ቡና ሲፈላ ማጨሻውን ከስፒከሩ አርቁ፣ ከተቻለ ሌላ ክፍል ይሁን። የእናታችሁን ዕጣን መከልከል አይቻልም፣ ስለዚህ ስፒከሩን ንቀሉና ስስ ጨርቅ አልብሱት። ሳትሰሙ ስትቀሩም እንዲሁ ነቅላችሁ አልብሱት። ለማጽዳት ሌሊቱን ነቅላችሁ አሳድሩ፣ ቮልቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ጠዋት ለስላሳ ብሩሽ ያለው ቫኪዩም ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉበት። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም፣ ስፕሬይም አይነፋበትም። በቀዳዳው ምንም ነገር አታስገቡ፣ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። በዝናብ ሰሞን ጭር ጭር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እርጥበትና አቧራ ተጋግዘው ቮልቱን እያሾለኩት ነው፣ ንቀሉና እስኪደርቅ ጠብቁ።

የምትሰሙበትን ሰዓት ምረጡ። ቀን በሙቀት ቬንትሌተሩ እየጮኸ ይህን ስፒከር መስማት ልፋት ነው፣ ያ ሁሉ ረቂቅ ነገር በፋኑ ድምፅ ይበላል። ማታ ነፋሱ ሲመጣ ፋኑን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ መሃሏ ቦታ ላይ ተቀመጡ። መሃሏ አንድ ሰው ነው የምትይዘው፣ ወደ ጎን ስትሄዱ ቀጭኑ ድምፅ ይቀንሳል። እንግዳ ሲመጣ ያቺን ቦታ ለእንግዳው ልቀቁለት። አቦ፣ መጀመሪያ የሰማ ሰው ፊቱ ሲለወጥ ማየት ራሱ ደስ ይላል!

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሳትሰሙ ብር አትክፈሉ። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ድምፅ አጫውቱና በየተራ ፊት ለፊታቸው ቁሙ። አንደኛው ከደከመ የአምፑን ገመድ ከግራ ወደ ቀኝ አቀያይሩ። ድካሙ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ችግሩ አምፑ ወይ ገመዱ ጋ ነው። እዚያው ስፒከር ላይ ከቀረ ስፒከሩ ራሱ ታሟል፣ የኃይል ክፍሉ ወይም ፕላስቲኩ ይሆናል፤ የመለዋወጫውን ዋጋና ማጓጓዣውን ጠይቃችሁ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፣ ሻጩ እንቢ ካለ ተዉት።