የድሮ ጭቃ ቤት ቧንቧና ኮሬንቲ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በድሮ ጭቃ ቤት ውስጥ የቧንቧውን ሥራ ከኮሬንቲው ለይቶ መሥራት አይቻልም። የውሃ ፍሳሽ ግድግዳውን ያርሳል፤ የራሰ ግድግዳ ደግሞ ከማገሩ ጋር የተቸነከረውን ሽቦ ያገኘዋል። የብረት ቧንቧ በፕላስቲክ ሲቀየር፣ ሳይታወቅ እንደ ኧርዝ (ያመለጠ ኮሬንቲን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) ሲያገለግል የኖረው መስመር ይቋረጣል። ስለዚህ አንዱን ከመንካታችሁ በፊት ሌላውን እዩት።

ሥራ ሲጀመር ዋናውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በአሮጌ የፊውዝ ሳጥን ላይ ፊውዙ በፌዙም (ኮሬንቲ አምጪው ሽቦ) በኒውትራሉም (መላሹ ሽቦ) ላይ ሊኖር ይችላል። የኒውትራሉ ብቻ ከተቃጠለ ቤቱ ይጨልማል፤ ፌዙ ግን እስከ አምፖሉ ድረስ ይጠብቃችኋል። ቴስተሩን መጀመሪያ ኮሬንቲ እንዳለበት በምታውቁት ቦታ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የምትሠሩበትን መስመር፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። ከቆጣሪው በፊት ያለውና የታሸገው ክፍል የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፤ እሱን አትንኩ።

ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሶኬቱ ይግላል

የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ሲሆን፣ እሱንም ቢሆን ሰዓታት ሙሉ ያለ ዕረፍት እንዲሸከም አይደለም። ከኋላው ያለው ሽቦ ባለ 1.5 ሚሊ ካሬ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ከሳጥኑ እስከ ማድቤት 20 ሜትር ቢሆን በመንገድ ላይ 8 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ በ17 አምፔር ሲባዛ ወደ 140 ዋት ሙቀት ማለት ነው። ያ ሙቀት የሚወጣው ከአቡጀዲው ኮርኒስ በላይ፣ አቧራና የአይጥ ጎጆ መካከል ነው።

መፍትሄው ለምጣዱ የብቻው መስመር መዘርጋት ነው፦ ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ የትም ሳይቀጠል የሚደርስ ባለ 4 ሚሊ ካሬ መዳብ፣ ሦስት ገመድ (ፌዝ፣ ኒውትራልና ቢጫ አረንጓዴው ኧርዝ)፣ በኮንዲዩት (የሽቦ መከላከያ ቱቦ) ውስጥ፣ በባለ 25 አምፔር ብሬከር። መጨረሻው ላይ ተራ ሶኬት አታድርጉ፤ ሰማያዊውን ባለ 32 አምፔር ሶኬት ከነመሰኪያው ግጠሙ። ብሎኖቹን በደንብ አጥብቁ፤ ከአንድ ሳምንት አገልግሎት በኋላ ዋናውን አጥፍታችሁ እንደገና አጥብቋቸው። የላላ ብሎን የሶኬት ዋና ገዳይ ነው።

ሽቦውን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ብቻ ከ16 ወደ 32 ማሳደግ፣ ወይም ፊውዙ ላይ ወፍራም ሽቦ መጠምጠም ቤት ያቃጥላል። ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው።

ምጣዱ ሳይሰካም መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የላላ ግንኙነት ፈልጉ። አምፖሎች ከወትሮው አልፈው በጣም ቦግ ካሉ ግን ምናልባት ከመንገዱ በኩል ኒውትራሉ ተበጥሷል። ወዲያው ዋናውን አጥፉና ለአገልግሎቱ ደውሉ፤ በዚያ ቮልቴጅ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አይተርፉም።

ውሃው ቀጭን ሆኗል፣ ጠዋት ጠዋት ዝገት ያመጣል

ቧንቧ ከመቁረጣችሁ በፊት የሩቢኔቱን አፍ ፈትታችሁ ወንፊቱን እጠቡ፤ አንዳንዴ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ በ20 ሊትር ጀሪካን ለኩ። ሮቶው (የውሃ ታንከሩ) ሥር ባለው ሳራቺኔስካ (መዝጊያ) በኩል በአንድ ደቂቃ ሞልቶ ማድቤት ላይ አምስት ደቂቃ ከፈጀ፣ መሐል ያለው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በዝገት ጠቧል። ሁለቱም ጋ ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ከሮቶው መውጫ ወይም ከከፍታው ነው፦ እያንዳንዱ የከፍታ ሜትር 0.1 ባር ብቻ ይሰጣል። 3 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሮቶ ለሲንክ ይበቃል፤ ለአንዳንድ የኤሌክትሪክ ሻወር ግን ያንሳል።

የጠበበውን ቧንቧ በፒፒአር (በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ቀይሩ። ለግማሽ ኢንች ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከሮቶው ለሚወርደው ዋና መስመር ባለ 25 ይመረጣል። መበየጃው 260 ዲግሪ ይድረስ። በባለ 20ው ጫፍ ላይ 14 ሚሊ ሜትር በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቧንቧውንና ጎሚቶውን (መታጠፊያውን) አብራችሁ 5 ሰከንድ አሙቁ፣ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ያዙት፣ 2 ደቂቃ ሳትነኩት ይቀዝቅዝ። ከምልክቱ አልፎ ከገባ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ያብጥና አዲሱን ቧንቧ ገና ከመጀመሪያው ያጠበዋል። ይህን ስህተት ከውጭ ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ እጃችሁን በቁራጭ ቧንቧ ላይ አለማምዱ፣ ሰንጥቃችሁም ውስጡን እዩ።

አዲሱ ከአሮጌው ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ የነሐስ ጥርስ ያለውን ማያያዣ ተጠቀሙ፤ ቴፍሎኑን በጥርሱ አቅጣጫ ከ10 እስከ 12 ዙር ጠምጥሙ። በአንድ ጂራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) አሮጌውን ያዙ፣ በሌላው አጥብቁ። ካልያዛችሁት የዛገው ጥርስ ግድግዳው ውስጥ ይሰበራል። ፀሐይ የሚያገኘውን ፒፒአር ሸፍኑት፤ ያለዚያ ይሰነጣጠቃል።

ሩቢኔቱ ወይም ሻወሩ ይነዝራል

ይህን ለነገ አታሳድሩት። እርጥብ ገላ ኮሬንቲን በቀላሉ ያሳልፋል። የቦይለሩን ኮሬንቲ አጥፉ፤ መንዘሩ ከቆመ ጥፋቱ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ነው። ሽቦዎቹን ንቀሉና በመልቲሜትር ለኩ፦ በባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ ሁለት ጫፎች መካከል 32 ኦም ገደማ መታየት አለበት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ቦይለሩ ገላ ግን ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ማሞቂያው ተበልቷልና ይቀየር፤ በዚያው ከፍታችሁ ሳላችሁ ቦይለሩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንጉም ይቀየር። መንዘሩ ካልቆመ ኮሬንቲው የሚመጣው ከሌላ መስመር ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፈልጉት።

ማሞቂያ መቀየር ግን ጉዳዩን አይዘጋም፤ መንዘሩ ኧርዝ እንደሌለ ነግሯችኋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የቦይለሩ ኧርዝ ድሮ ከብረት ቧንቧው ጋር ታስሮ ነበር፣ ቧንቧው መሬት ውስጥ ይገባ ነበር፣ ሰው መጥቶ መሐሉን በፒፒአር ቀየረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሽቦ የትም አይደርስም።

1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ ሁልጊዜ እርጥበት ባለበት መሬት ውስጥ ቅበሩ፤ ከዘንጉ እስከ ሳጥኑ 16 ሚሊ ካሬ መዳብ ዘርጉ፤ ከሳጥኑ ወደ ቦይለሩ፣ ምጣዱና ሶኬቶቹ ቢጫ አረንጓዴውን አድርሱ። ዘንጉ ብቻውን ግን አይበቃም። የመሬቱ ሬዚስታንስ 30 ኦም ቢሆን በጥፋት ጊዜ የሚያልፈው 7 አምፔር ብቻ ነው፤ ባለ 20 ብሬከር ይህን አይሰማውም፣ ገላውም ኮሬንቲ እንደያዘ ይቆያል። ለዚህ ነው ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ የግድ የሚሆነው። አርሲዲ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኮሬንቲ እያነጻጸረ ልዩነት ሲያይ ይቆርጣል። ማሳጠር ካለባችሁ ከሌላ ነገር ላይ አሳጥሩ፤ ከዚህ ላይ ግን አታሳጥሩ።

አርሲዲው እንደገባ ወዲያው ኮሬንቲውን ከቆረጠ ፈትታችሁ አትጣሉት። በድሮ ቤት የአንዱ ክፍል ፌዝ የሌላውን ኒውትራል ተውሶ ይገኛል፣ ወይም ኒውትራልና ኧርዝ ሶኬት ውስጥ ታስረዋል። ሁለተኛው በጣም አደገኛ ነው፦ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የዕቃው ገላ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። መስመሮቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉ፣ ለዩአቸው። የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኑ።

የግድግዳው ሥር ይርሳል፣ ልስኑ ያብጣል

ማታ ሩቢኔቶቹን ሁሉ ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪዋን ትንሽ ጎማ እዩ። ከዞረች ፍሳሽ አለ፤ ሮቶው እየሞላ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሱን መግቢያ ዝጉ። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚፈስ ቧንቧ ጭቃውን ያሟሟል፣ ቋሚውን እንጨት ያበሰብሳል፣ ምስጥ ይጠራል። ቀዳዳውን ከማባበል ያንን መስመር ቆርጣችሁ ድፈኑትና አዲሱን ከግድግዳው ውጭ አሳልፉ። ፊሸር ጭቃ ላይ አይዝም። ግድግዳውን በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አድርጉ፤ ድምፁ የሚጠነክርበት ቦታ ቋሚው ነው፣ የቧንቧውን ማቀፊያ እዚያ ላይ በእንጨት ብሎን እሰሩ። ግድግዳው ሳይደርቅ አትለስኑ።

ዝናብ ሲጥል ብቻ ብሬከሩ ይጥላል

ቆርቆሮው ያፈስሳል፣ ከሥሩም ተጠማዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ አለ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን አስጠግኑ። ዋናውን አጥፍታችሁ ኮርኒሱ ላይ ስትወጡ እንጨቱን ብቻ ርገጡ፤ አቡጀዲው አይሸከምም። እያንዳንዱን ቅጥያ ፈትታችሁ የጠቆረውን መዳብ እስከ ንጹሁ ድረስ ቁረጡ፣ በባለ ብሎን ተርሚናል አገናኙ፣ በሚከደን ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ አስገቡና ቦክሱን በወራጁ ጎን፣ ጠብታ በማያገኘው በኩል ምቱት።