አርት አፕሪሲዬሽን ክላስ ውስጥ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ኮሌጅ ከሚማሩ ሐበሾች ብዙዎቹ አርት አፕሪሲዬሽን የሚባለውን፣ ሥዕል አይቶ ስለሱ መጻፍ የሚያስተምረውን ክላስ ይወስዳሉ። ነርሲንግም ይማሩ አካውንቲንግ፣ የሂውማኒቲስ ክሬዲት ማሟላት አለባቸው። ይሄኛው ደግሞ ቀላል ነው እየተባለ ይወራል። ሥዕል ማየት ምን ይከብዳል? ከዚያ የመጀመሪያው ፔፐር በቀይ ተዥጎርጉሮ ይመለሳል። እንዲህ ያሉ ፔፐሮች «እስቲ እይልኝ» እየተባለ ይሰጡኛል። ጥፋቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ተማሪው ስለ ሥዕሉ ብዙ ጽፏል፤ ሥዕሉን ግን አላየውም።

ከሥዕሉ በፊት ጽሑፉን ማንበብ

ሙዚየም ውስጥ ሰዉን ታዘቡት። መጀመሪያ ሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ያነባል። ቀና ብሎ ሥዕሉን ገረፍ ያደርጋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ያልፋል። ጽሑፏ የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱንና ሥዕሉ በምን እንደተሠራ ትነግራችኋለች። መምህሩ የሚፈልገው ግን የእናንተ ዓይን ያገኘውን ነው።

ዲሲ ናሽናል ጋለሪ ያለችውን ጂኔቭራ ደ ቤንቺን ውሰዱ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ20ዎቹ ዕድሜው የሣላት የፍሎረንስ ወጣት ናት። በአሜሪካ አህጉር ለሕዝብ የሚታየው የሊዮናርዶ ቅብ እሷ ብቻ ስለሆነች መምህራን ይወዷታል። ሥዕሏ ትንሽ ናት፤ በቁመትም በወርድም 40 ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ጠጋ ብላችሁ ቆዩ። ፊቷ ገርጥቷል፣ ፈገግታ የሚባል የለም። ወደ እናንተ ዞራለች፣ ግን የምታያችሁ አይመስልም። ከጀርባዋ የጥድ ቅጠል ጠቁሮ ሞልቷል፤ ፊቷን ይበልጥ ያነጣው እሱ ነው። በስተቀኝ ራቅ ብሎ ውሃና ዛፎች አሉ።

አሁን ዞር ብላችሁ ጀርባውን እዩ። ሥዕሏ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለችም፤ ዙሪያዋን እንድትዞሩ ተደርጋ ነው የቆመችው፣ ጀርባዋም ስለተሣለ። አንድ የሎረልና አንድ የዘንባባ ቅርንጫፍ መሀላቸው አንዲት የጥድ ዘለላ አቅፈዋል። ጥዱ በጣልያንኛ የልጅቷን ስም ያስታውሳል። ታች ላይ ግን ቅርንጫፎቹ ድንገት ይቋረጣሉ። ለምን? የሥዕሉ የታችኛው ክፍል ከጊዜ በኋላ ተቆርጧል። እጆቿም አብረው ሳይቆረጡ አልቀሩም ተብሎ ይገመታል። ለሦስት ገጽ ፔፐር ከዚህ የተሻለ መነሻ የት ይገኛል? ፎቶ አንስቶ ያለፈው ልጅ ግን ጀርባ እንዳላትም አላወቀም።

«በጣም አስደናቂ ሥዕል ነው» ብሎ መጀመር

«ይህ ሥዕል በጣም አስደናቂ ነው። ፒካሶ ጥልቅ ስሜቱን ገልጾበታል።» ይሄ ዓረፍተ ነገር የትኛውም ሥዕል ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ስለ አንዱም ምንም አይልም። ጌርኒካ ስለሚባለው የፒካሶ ሥዕል የምትጽፉ ከሆነ ከሚታየው ተነሱ። ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ነው። ግራ በኩል እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳ ትጮኻለች። መሀል ላይ ፈረስ ቆስሎ ይወራጫል። ከፈረሱ ራስ በላይ አምፖል በርቷል። የእናትየዋም የፈረሱም ምላስ ሹል ነው።

ይሄን ከጻፋችሁ በኋላ ታሪኩን አምጡት። ሥዕሉ ስሙን ያገኘባት ጌርኒካ የስፔን ከተማ ናት፤ በኤፕሪል 1937 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባለች፤ ፒካሶ ሥዕሉን የሠራው ወዲያው በዚያው ዓመት ነው። ግራጫው የጋዜጣ ፎቶ እንደሚያስመስለው፣ የቤት አምፖል ውጊያ መሀል ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ ልጆች ግን ተገላቢጦሹን ያደርጉታል። ሁለት ገጽ የስፔን ጦርነት ይጽፉና ሥዕሉን በመጨረሻው አንቀጽ ያነሱታል። ያ የታሪክ ክላስ ፔፐር ነው።

ሁሉንም «እውነት ይመስላል?» ብሎ መመዘን

ይሄኛው የኛ ልጆች ላይ ይበረታል፤ ይገርመኛልም። ሐበሻ እኮ ያደገው እውነት ለመምሰል የማይጨነቅ ሥዕል ፊት ቆሞ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ዓይናቸውም ትልልቅ ነው። ይሁዳና ሰይጣን ብዙ ጊዜ በጎን ነው የሚሣሉት፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን መሣል አቅቶት ነው የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያው ሰው ክላስ ገብቶ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የማቲስን ሥዕል ሲያይ «ፊት መሣል አይችልም» ይላል።

ባልቲሞር የሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ስብስቦች አንዱ አለው። ከስብስቡ አንዱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ የብራና ወንጌል ነው። የስቅለቱ ሥዕል ላይ ሁለቱ ወንበዴዎች ግራና ቀኝ ተሰቅለዋል። መሀል ያለው መስቀል ላይ ግን የክርስቶስ ሥጋ የለም። ከመስቀሉ በላይ ያለው በግ ነው። እዚህ ላይ «እውነት ይመስላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ የለም። «ለምን በግ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን የዮሐንስ ወንጌል ይከፈትላችኋል። ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ ከአሜሪካዊው የክላስ ጓደኛችሁ እናንተ ትቀርባላችሁ። ለምን እንደማትጠቀሙበት አይገባኝም።

«ይሄንማ ልጄም ይሠራዋል» የሚለውም የዚሁ ልጅ ነው። ናሽናል ጋለሪ ኢስት ቢልዲንግ ውስጥ ባርኔት ኒውማን የሚባል የኒውዮርክ ሠዓሊ ከ1958 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የሠራቸው 14 ሸራዎች አሉ። እያንዳንዱ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል። በላያቸው የምታዩት ከላይ እስከ ታች የወረዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ነው፤ በቃ። ሰው እዚህ ሲደርስ ይስቃል። የሥራው ንዑስ ርዕስ «ላማ ሰበቅታኒ» ነው። ስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው ይሄን ቃል ማን ሊያስረዳው ነው? 14ቱ ሸራዎች ካቶሊኮች የክርስቶስን የመከራ መንገድ የሚከተሉባቸው 14 ምዕራፎች ናቸው። ከአንደኛው ጀምራችሁ በተራ ተራመዱ። ጠርዞቹን እዩ፤ አንዳንዱ ጥርት ያለ ነው፣ አንዳንዱ ላይ የብሩሹ ምት ተበትኗል። ጥቁሩ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ነጭ ይተካዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። የመጨረሻው ሸራ ነጭ ነው። ባትወዱት መብታችሁ ነው፤ እኔም አንዳንዶቹ ፊት ብዙ አልቆይም። ግን ያልወደዳችሁትን ምን እንደሆነ መጻፍ አለባችሁ። ጥሩ ነጥብ ያገኙ «አልወደድኩትም» የሚሉ ፔፐሮች አይቻለሁ።

መጠኑን መርሳት

ስልክ ላይ ሁሉም ሥዕል እኩል ነው። ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ናት። ጌርኒካ ወርዱ ብቻ ወደ 8 ሜትር ይጠጋል፣ ቁመቱ ከሦስት ሜትር ተኩል አይርቅም። አንዷ ፊት ብቻችሁን ትቆማላችሁ፤ ሌላው ፊት አንገታችሁን እያዞራችሁ ትሄዳላችሁ። ስላይድ አይታችሁ የምትጽፉ ከሆነ ልኬቱን ፈልጉና ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ በዓይናችሁ ለኩት።

የሠዓሊውን ሕይወት በሥዕሉ ቦታ መተካት

ሠዓሊው ቫን ጎህ የቆረጠው የገዛ ጆሮው። በቃ፣ ይቅር። መምህሩ ሰምቶታል።

«ጥበብ ላይ የተሳሳተ አስተያየት የለም» ማለት

ካፌ ውስጥ ልክ ነው። ፔፐር ላይ ግን ያላችሁትን ሥዕሉ ላይ በጣታችሁ ማሳየት አለባችሁ። «ሴትዮዋ አዝናለች» ካላችሁ የት ቦታ? ዓይኗ ነው? ትከሻዋ ነው? ወይስ ዙሪያዋ የጠቆረው ነገር ነው? ማሳየት ካልቻላችሁ አውጡት። ከኢንተርኔት ወይም ከቻትጂፒቲ የተገለበጠ ፔፐርም የሚነቃበት እዚሁ ላይ ነው። ቃላቱ ያማሩ ናቸው፤ ግን የሥዕሉን አንዲት ጥግ እንኳ አያነሱም። አንዳንዴ ጭራሽ ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ይጠቅሳሉ።

የሙዚየሙን ፔፐር ለመጨረሻው እሑድ ማቆየት

ሥራ፣ ልጅ፣ ሌላ ክላስ፤ ይገባኛል። ግን ፔፐሩ ሰኞ የሚሰጥ ከሆነና እሑድ ከሰዓት ከሄዳችሁ ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል፣ ክፍሉ በሰው ተጨናንቆ ነው የምታዩት። ናሽናል ጋለሪም ዋልተርስም መግቢያ አያስከፍሉም። ስለዚህ ሁለቴ መሄድ ይቻላል። መጀመሪያ ስትሄዱ ዞር ዞር በሉ፣ አንድ ሥዕል ምረጡ፣ ውጡ። ሁለተኛው ጊዜ ለሱ ብቻ ሂዱ። የመረጣችሁት ሥራ ዕይታ ላይ መሆኑን ከመሄዳችሁ በፊት በሙዚየሙ ድረ ገጽ አረጋግጡ፤ በተለይ ብራና ከሆነ፣ ብርሃን ስለሚጎዳው ብዙ ጊዜ ወደ መጋዘን ይገባል። እርሳስ ያዙ። ብዙ ሙዚየሞች ውስጥ ሥዕል አጠገብ እስክሪብቶ ካወጣችሁ ጥበቃው ይመጣል።