ከአፕግሬድ በኋላ ዝም ያለው ክሮን

ክሮን ስራዎችን በተያዘላቸው ሰዓት በራሱ የሚያስነሳ የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። ሰርቪሱ መነሳቱን፣ የማሽኑ ሰዓት ትክክል መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክቱ ይሄ ነው። ኡቡንቱን ከ20.04 ወደ 22.04 አሳድጋችኋል። ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ክሮን በሰዓቱ ይነሳል፣ ሎጉም ላይ ይጽፋል። ክሮን የሚያስነሳው ስክሪፕት ሊወስደው የሚገባው ባካፕ (የመረጃ ቅጂ) ግን የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሎጉ ላይ «ሲኤምዲ» የሚለው መስመር ስራው ተጀመረ ማለት እንጂ ተሳካ ማለት አይደለም። እሱን ብቻ አይቶ «እየሰራ ነው» ያለኝን ሰው ቆጥሬ አልጨርስም። ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ኤምቲኤ (ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም) ስላልተጫነ ውጤቱ ተጣለ የሚል ካለ፣ ስክሪፕቱ የሆነ ነገር ተናግሯል፤ ሰሚ አላገኘም።

ስክሪፕቱ በፓይተን የተጻፈ ከሆነ፣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱ ነው፤ ስክሪፕቱ የሚያስፈልጉት ፓኬጆች (ተጨማሪ ኮዶች) ለብቻ የሚቀመጡበት ፎልደር ማለት ነው። 20.04 የሚመጣው ከፓይተን 3.8 ጋር ነው፤ 22.04 ደግሞ ከ3.10 ጋር። ኢንቫይሮመንቱ ውስጥ ያለው ፓይተን ወደ ሲስተሙ ፓይተን የሚጠቁም ሊንክ ነው። ከአፕግሬዱ በኋላ ያው ሊንክ 3.10ን ያስነሳል። እሱ ፓኬጆቹን 3.10 በሚለው ፎልደር ይፈልጋል። የእናንተዎቹ ግን 3.8 በሚለው ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው። «ሞጁሉ አልተገኘም» ብሎ ወዲያው ይሞታል።

አንድ መስሪያ ቤት የጠራኝ ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ ነበር። የመጨረሻው ባካፕ ከአፕግሬዱ በፊት በነበረው ሌሊት የተወሰደው ነው። የክሮኑን መስመር ስከፍተው ውጤቱ በሙሉ ወደ ዴቭ ነል (የተላከለትን ሁሉ ወደሚጥለው የሊኑክስ ፋይል) ይሄዳል። ስህተቱ በየሌሊቱ ሲጮህ ነበር፤ አፉን አፍነውታል። የአራት ወር መረጃ ቀለጠ። እባካችሁ፣ ባካፕ ላይ ዴቭ ነል አትጠቀሙ። በጭራሽ!

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ውጤቱንም ስህተቱንም ወደ አንድ ፋይል ላኩ። ከዚያ የድሮውን ኢንቫይሮመንት ስሙን ቀይራችሁ ወደ ጎን አድርጉት። አታጥፉት! የፓኬጆች ዝርዝር ካልያዛችሁ፣ የ3.8ቱ ፎልደር ውስጥ «ዲስት ኢንፎ» በሚል የሚያልቁት ፎልደሮች ስምና ቨርዥን ይነግሯችኋል። በ3.10 አዲስ ፍጠሩ፣ ፓኬጆቹን እንደገና ጫኑ። የድሮዎቹን ኮፒ ማድረግ አያዋጣም፤ በሲ ቋንቋ የተጻፉት ይሰበራሉ። የሲስተሙን ፓይተን ወደ 3.8 መመለስማ ጭራሽ አይሞከርም፤ የኡቡንቱ የራሱ መሳሪያዎች በ3.10 ላይ ነው የቆሙት። ሲያልቅ ስክሪፕቱን በእጅ አስነስታችሁ አትርኩ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ክሮን ራሱ እንዲያስነሳው አድርጉና የባካፑን ፋይል መጠን እዩ።

ሌሎቹ መንስኤዎች ብዙም አያጋጥሙም። ፒኤችፒ (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) 7.4ን በስም የሚጠራ የክሮን መስመር ካለ አስተካክሉት፤ 22.04 የሚያመጣው 8.1ን ነው። አፕግሬዱ መሃል ላይ ሲጠየቅ ሳያነብ «የስ» ያለ ሰው ደግሞ የሲስተሙ ክሮንታብ (የክሮን ስራዎች የሚጻፉበት ፋይል) በአዲስ ተተክቶበት ይሆናል። የድሮው እዚያው አጠገቡ «ዲፒኬጂ ኦልድ» የሚል ቅጥያ ይዞ ይጠብቃችኋል።