ከጂፒ ደብዳቤ ሲመጣ፦ ከጎንደር አዲስ ለመጣችሁ

አክስቴ እንግሊዝ በገባች በአራተኛ ወሯ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደህና አልነበረም። «ልጄ፣ ሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ላከብኝ። ለምርምር ይፈልጉኛል መሰል» አለች። ሄጄ ሳየው አራት ገጽ ነው። አጣጥፋ ከበርበሬው ጣሳ ስር ደብቃዋለች። ልጆቿ እንዳያዩት ነው።

አክስቴ ዕድሜዋን አዘዞ ነው የኖረችው። ደም ብዛት አለባት። ፍርሃቷ ገብቶኛል። ምርምር ሲባል ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው «መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው» የሚለው ነው። ደም ይቀዳል ከተባለማ የባሰ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እናንተም ቤት መምጣቱ ስለማይቀር የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጂፒ ማለት የሰፈር ሐኪማችሁ ነው። ገና ካልተመዘገባችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ምዝገባው በነፃ ነው። ፓስፖርት ወይም የአድራሻ ማስረጃ ስለሌላችሁ ብቻ ሊመልሷችሁ አይገባም። ብዙ ጂፒዎች ታዲያ ከሕክምናው ጎን ለጎን ጥናት ያግዛሉ። ከመዝገባቸው ለጥናቱ የሚስማማውን ሰው ይለዩና ደብዳቤ ወይም ቴክስት ይልካሉ። ባብዛኛው ስማችሁ ለተመራማሪዎቹ የሚደርሰው እናንተ እሺ ካላችሁ በኋላ ነው።

ደብዳቤው ጥያቄ ነው፤ ትእዛዝ አይደለም። እምቢ ብትሉ ቀጠሯችሁ አይሰረዝም፣ መድኃኒታችሁ አይቀነስም። ከገባችሁ በኋላም «በቃኝ» ብላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ከመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ጋርም አይገናኝም። አገር ቤት «ዶክተሩ ካለ ምን ይባላል» ብለን የተሰጠንን ወረቀት ሁሉ እንፈርም ነበር። እዚህ ግን ወረቀቱን ወደ ቤት ወስዳችሁ፣ አስነብባችሁ፣ አድራችሁበት ነው የምትፈርሙት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን ማጽደቁ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ከተጠራጠራችሁ ሪሴፕሽን ሂዱና «ይህን የላካችሁት እናንተ ናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመሳተፍ ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ አትመኑት።

ጥናት ሁሉ ደግሞ አዲስ ክኒን መዋጥ አይደለም። አንዳንዱ መጠይቅ መሙላት ነው፣ አንዳንዱ ቤት ሆኖ ግፊት መለካት ነው። በኮቪድ ጊዜ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ፕሪንሲፕል የተባለው ጥናት የታመሙ ሰዎችን ቤታቸው እንዳሉ ነው ያሳተፈው። አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ለኮቪድ እንደማይረዱ በ2021 ያሳወቀው እሱ ነው። አገር ቤት ፋርማሲ ሄደን እንደ ቀላል የምንገዛቸው መድኃኒቶች ናቸው እኮ!

ደግሞስ ለጎንደር ሰው ምርምር ምኑ እንግዳ ነው? ሆስፒታላችን ግቢ የካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ፣ ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። መተማና ሑመራ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወርደው ታመው የሚመለሱትን ልጆች የማያውቅ የለም። ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ ሲይዙ ሕክምናው በጣም ከባድ ነበር። ጎንደርና አብዱራፊ ላይ ሁለት መድኃኒት አጣምሮ የመስጠት ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። ሕንድ ውስጥ ከተደረገ ሌላ ጥናት ጋር ሆኖ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ አስቀየረ። እሺ ብለው የገቡት እነዚያ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ባሰብኳቸው ቁጥር ልቤ ይነካል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለእኔ ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ። ሕመም የሚያስታግሰው ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲቀየር ነው። አንዳንድ ሰው ሰውነቱ በጣም ፈጥኖ ይቀይረዋል። ያን ጊዜ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ ይበዛበታል። በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ፍጥነት የሚያመጣው ጂን (ከወላጅ የሚወረሰው የሰውነት መመሪያ) ተደራርቦ አለባቸው። ስዊድናውያን ዘንድ 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው ጥናት ውስጥ ካልገባ፣ መጠኑ የሚለካው በማን ሰውነት ነው?

ስትሄዱ አማርኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለጂፒ ቀጠሮ በነፃ ነው። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ እናቷ ማህፀን መናገር የለባትም። የትራንስፖርት ወጪ ይመለስ እንደሆነም ጠይቁ። የቀጠሮ ሰዓቱን ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ያዙት። «9:30» ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

አክስቴ ያን ደብዳቤ መጨረሻ ላይ እሺ አለች። ነርሷ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትላት «ምንም» ብላ መለሰች። እኔ ግን ማታ ማታ ጥቁር አዝሙድ በማር እንደምትወስድ አውቃለሁ። ስናገርባት ትንሽ አፈረች። ነርሷ ግን አልሳቀችም። ስንት ማንኪያ እንደሆነ ጠይቃ ጻፈችው። ሁዳዴ እየገባ ስለነበር ጾሙንም ነገርናት። አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ የደም ብዛቷ ክኒን ደግሞ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ነርሷ ሐኪሙን አነጋግራ ሰዓቱን አስተካከለችላት። ጾማችሁን፣ ጸበላችሁን፣ የምትወስዱትን ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ንገሯቸው። ካልነገራችኋቸው አያውቁትም።

አሁን ለጥናቱ ጠዋትና ማታ ግፊቷን ራሷ ትለካለች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ አምስት ደቂቃ ዝም ትላለች። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም ብለዋታል። ጎረቤት ቢመጣም ጀበናው አይቀርብም። ቁጥሩ መጀመሪያ ደብተሯ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ቡናው ይፈላል።