የአሮጌ ሽጉጥ ፋብሪካና ዕድሜ ከምልክቱ እንዴት ይነበባል?

ጎንደር ውስጥ ከአያት የወረደ ሽጉጥ ያለ ወሬ አይገኝም። «ጣሊያን ሲወጣ የተማረከ ነው» ይባላል። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል። ብረቱ ግን የራሱን ቃል ይዟል። አስቸጋሪው ነገር፣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜው ያለው ከጎኑ ባለችው ትንሽ ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ፈቃድ ላለው መሣሪያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝም መሸጥም ክልክል ነው፤ የውርስ ነው ማለት አያድንም። ፈቃድ ከሌለው መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄዶ ማማከር ነው።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ጣት ከቃታው ይራቅ። ካዝናውን አውጡ። ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ ውስጡን በዓይን እዩ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ጥይት ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ዝጎ እንቢ ካለ አትታገሉት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ማጽዳት፣ ግን በልክ

ለስላሳ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ግን ምልክቱን ይዞት ይሄዳል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ነጭ ጠመኔ ቀባ አድርጋችሁ ላዩን ጥረጉት። ጠመኔው በተቀረጸው ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ይወጣል። የስልክ መብራት ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከጎን ሲበራ ይሻላል።

አሁን የላይኛውን ብረት ግራና ቀኝ፣ ከእጀታው በላይ ያለውን አካልና በርሜሉን ተመልከቱ። ያያችሁትን ሁሉ፣ ትርጉሙ ባይገባችሁም፣ ወረቀት ላይ ገልብጡ።

የጣሊያኑ ቤሬታ

እኛ ጋ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በግራ ጎኑ ላይ የቤሬታ ስም፣ 9 ኮርቶ የሚል የጥይት ልክ፣ ከዚያ 1934 የሚል ቁጥር፣ በመጨረሻም የከተማው ስም ጋርዶኔ ይነበባል። ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠበት፣ ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ይዞታውን ያጣበት ቀን። ስለዚህ አንዱ ቁጥሩን ያይና «ይኸው፣ የተማረከበት ዓመት ተጽፎበታል» ይላል። አይደለም። 1934 የሞዴሉ ስም ነው፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር።

የተሠራበት ዓመት በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ነው። ከፈረንጁ ዓመት ጎን የሮማ ቁጥር አለ። እሱ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠረው የፋሺስቶች ዘመን ነው። 1937 ካለ ከጎኑ በሮማ ቁጥር 15 ይኖራል። ከ1937 ላይ 1922 ቀንሱ፣ ይመጣል። የፋሺስቱ ዓመት የሚጀምረው በጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ በአንድ ቢለያይ አይገርምም። በአምስት ከተለያየ ግን ሌላ ሰው የመታው ማኅተም እንዳይሆን ጠርጥሩ። ወደ እኛ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ፦ 1937 ማለት 1929 ወይም 1930 ዓ.ም. ነው።

የቤተሰቡን ወሬ መፈተኛውም ይኸው ነው። ቤሬታው ላይ 1942 ወይም ከዚያ በኋላ ያለ ዓመት ካለ፣ በጎንደር ዙሪያ ውጊያ ከተካሄደባቸው ከወልቅፊትም ከቁልቋል በርም አልተማረከም። ውጊያው በ1941 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። አር እና ኢ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ካሉበት ደግሞ የጣሊያን ንጉሣዊ ጦር ንብረት ነበር ማለት ነው።

ማካሮቭና ቶካሬቭ

ማካሮቭ የሶቪየት ጦር ሽጉጥ ሆኖ የተመረጠው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ከጣሊያን ተማረከ የሚል ካለ ሳቅ ብላችሁ እለፉት። የሶቪየት መሣሪያ ወደ አገራችን በብዛት የገባው በደርግ ጊዜ፣ ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። አካሉ ላይ በግራ በኩል ተከታታይ ቁጥሩ፣ ዓመቱና የፋብሪካው ምልክት አብረው ይገኛሉ። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት ካለ የሩሲያው የኢዤቭስክ ፋብሪካ ሥራ ነው። በድርብ ክብ ውስጥ 10 ካለ ቡልጋሪያ ነው።

ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ ነው፤ ብረቱ ላይ ኮከብ ካለ የሩሲያው የቱላ ፋብሪካ ሥራ ነው። በሦስት ማዕዘን ውስጥ 66 ካለ ግን ቻይና የሠራው ነው። የሶቪየቱ ዓመት ከጠፋ በላይኛው ብረት ጀርባ ያሉትን የጣት መያዣ ጭረቶች እዩ። ሰፊና ጠባብ እየተፈራረቁ ከሆነ የቀድሞው ሥራ ነው፤ ሁሉም ጠባብ ከሆኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው።

የእንግሊዙ ኤንፊልድ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ቀላል ነው፤ ስሙ፣ ዘውዱና ዓመቱ በቀኝ ጎኑ አንድ ላይ ናቸው። የስፔኑ ስታር ግን ዓመቱን በቁጥር አይጽፍም። ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፔን የጦር መሣሪያ መፈተሻ ቤት ዓመቱን በፊደል ስለሚመታ የፊደሉ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ ይስማማሉ?

የአካሉንና የላይኛውን ብረት ተከታታይ ቁጥር አስተያዩ። ከተለያዩ ከሁለት ሽጉጥ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዕድሜውን ከአካሉ ውሰዱ። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ግን የሚነበብ ነገር የለም፤ አትግዙት፣ እቤትም አታስገቡት።

አንድ ነገር ቀረ፣ «የቱርክ ሽጉጥ» የሚባለው። በርሜሉ ወይም ጎኑ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ከሚለው ቀጥሎ ፒ፣ ኤ፣ ኬ የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካሉ፣ ሲሠራ ለድምፅ ብቻ የታሰበ ነው። እርሳስ እንዲተፋ በኋላ የተቀየረ ከሆነ ብረቱ ያን ግፊት እንዲችል አልተሠራምና እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የዚህ ዓይነቱን ዕድሜ መፈለግ ትታችሁ ለፖሊስ አስረክቡት።