ሃይስኩላችሁ መኪና መንዳት ቢያስተምር ስንት ያወጣል? ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

እዚህ አሜሪካ ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው የቤቱ ወሬ ሁሉ ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ይሆናል። ወላጅ የግል መንጃ ትምህርት ቤት ደውሎ ዋጋ ይጠይቅና ይደነግጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ያው ነው፤ ይሄን ሁሉ ግብር እየከፈልን የልጆቻችን ሃይስኩል ለምን አያስተምራቸውም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ስቴት ኮሌጅ በምትባል ከተማ፣ አሞስ ኔይሃርት የተባለ መምህር በሃይስኩል ደረጃ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ድራይቨርስ ኤድ (የመንዳት ትምህርት) በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከትምህርት ቤት የሚገኝ ነገር ነበር። በ1980ዎቹ ገንዘቡ መሳሳት ጀመረና ብዙ ዲስትሪክቶች ተዉት።

እንግዲህ ይመለስልን የምትሉ ከሆነ ስኩል ቦርድ ፊት ቆማችሁ ልመና ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። «በጀት የለም» ይሏችኋል፣ አለቀ። ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩን ማውጣት ደግሞ የሂሳብ አዋቂ አይጠይቅም፤ አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ መደመርና ማባዛት ነው።

መጀመሪያ የስቴታችሁን ሕግ አንብቡ

ይሄን ሳታደርጉ አንድ ቁጥር እንዳትጽፉ። ከስቴት ስቴት ነገሩ ሰማይና ምድር ነው።

ኢሊኖይ ውስጥ ሃይስኩል ያለው የመንግሥት ትምህርት ዲስትሪክት ኮርሱን የማቅረብ ግዴታ አለበት። ኖርዝ ካሮላይና በስቴቱ ገንዘብ በትምህርት ቤቶች በኩል ያስተምራል። ቨርጂኒያ ደግሞ የክፍሉን ትምህርት 10ኛ ክፍል ላይ ከጤናና ስፖርት ትምህርት ጋር አዋህዶ ይሰጣል፤ የመኪናው ልምምድ ለብቻው ነው። ሜሪላንድ ላይ 30 ሰዓት ክፍልና 6 ሰዓት መኪና ለአዲስ አሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ ቢሆንም ሰው የሚማረው በአብዛኛው ከግል ትምህርት ቤት ነው።

ከሕጉ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ስንት ሰዓት ክፍል፣ ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ፣ እና ማን ማስተማር ይችላል። ብዙ ቦታ የምታገኙት ያንኑ 30 እና 6 ነው። በፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድጋፍ የተዘጋጀው አገር አቀፍ መመሪያ ግን ከፍ አድርጎ 45 እና 10 ሰዓት ይመክራል። ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም ቦርዱ ውስጥ አንድ አዋቂ ሰው ሊያነሳው ስለሚችል በኪሳችሁ ይኑር።

ገንዘቡ የሚሄደው የት ነው?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው መኪናውን ነው። መኪና ይገዛል፣ ቤንዚን ይሞላል፣ ኢንሹራንስ ይከፈላል፣ ስለዚህ ውድ ነው ይላል። ቦርዶችም እንደዚያ ያስባሉ። ስህተት ነው። ገንዘቡን የሚበላው የአስተማሪው ሰዓት ነው።

እስቲ እዩት። ክፍል ውስጥ አንድ አስተማሪ 30 ልጅ ያስተምራል። ስለዚህ 30 ሰዓት ትምህርት ለአንድ ልጅ ሲካፈል አንድ የአስተማሪ ሰዓት ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ግን መሪ የሚይዘው አንድ ልጅ ነው። ከኋላ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ቢያዩም እነሱም ተራቸው ሲደርስ ያው ስድስት ስድስት ሰዓታቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ከሚወጣው ሰባት የአስተማሪ ሰዓት ስድስቱ መኪና ውስጥ ነው። ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

አሁን ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ እኔ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ የእናንተን ዲስትሪክት ቁጥር አግኝታችሁ ተኩባቸው። 100 ተማሪ አለ እንበል። ለክፍሉ አራት ቡድን ቢሆኑ 4 ሲባዛ በ30፣ 120 ሰዓት። ለመኪናው 100 ሲባዛ በ6፣ 600 ሰዓት። ድምር 720 ሰዓት። የአስተማሪ አንድ ሰዓት ከነጥቅማጥቅሙ 55 ዶላር ከሆነ 39,600 ዶላር ማለት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የደመወዙን ሰሌዳ ብቻ አይታችሁ እንዳትጽፉ። ጡረታውና የጤና ኢንሹራንሱ ሲጨመር ሰዓቱ ከምታስቡት በላይ ነው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሲሆን ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ ውል የራሱ ተመን ሊኖረው ይችላል። ይሄን ቁጥር ከፋይናንስ ቢሮው በጽሑፍ ጠይቁ። የሕዝብ መረጃ ነው፣ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

በዚህ ላይ የሚቀሩ ልጆች አሉ። ልጅ ነው፣ ልምምድ አለኝ ይላል፣ ታመምኩ ይላል፣ ይረሳል። አስተማሪው ግን መኪናው አጠገብ ቆሞ ይከፈለዋል። ከ600ው ሰዓት 5 በመቶው እንዲህ ቢባክን 30 ሰዓት፣ 1,650 ዶላር። ይሄን መስመር ብዙ በጀት ይረሳዋል፣ ከዚያ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ጎደለ ይባላል።

አሁን ወደ መኪናው። በሰዓት 20 ማይል ቢሄዱ 600 ሰዓት 12,000 ማይል ነው። በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ መኪና 400 ጋሎን ትጠጣለች፣ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ50 ቢሆን 1,400 ዶላር። ለአንድ ልጅ 14 ዶላር! ስንት ሰው «ቤንዚኑስ?» እያለ የሚከራከረው ለዚህ ነው። መኪናዋን በ26,000 ገዝታችሁ ስድስት ዓመት ሠርታ በ5,000 ብትሸጥ ዓመታዊ ድርሻዋ 3,500 ነው። ኢንሹራንስ 3,000፣ ጎማና ዘይት፣ የአስተማሪው ተጨማሪ ፍሬንና መስታወት፣ ጣሪያው ላይ የሚለጠፈው ምልክት ሁሉ ተደምሮ በዓመት 1,500 እንበል። የመኪና ነገር በሙሉ 9,400 ዶላር ሆነ። መጽሐፍና የጽሕፈት ሥራ 2,500 ጨምሩበት።

ጠቅላላ 53,150። ለአንድ ተማሪ 531 ዶላር ገደማ። ከዚህ ውስጥ የአስተማሪው ብቻ 412 ነው፣ የመኪናው 94።

ከገንዘቡ በተጨማሪ ጊዜውንም አስሉ። ከትምህርት በኋላ በቀን ሦስት ሰዓት፣ 180 የትምህርት ቀን፣ አንድ መኪና 540 ሰዓት ትሠራለች። 600 አይሞላም። የቀረውን ሰመር ላይ ወይም ቅዳሜ ታደርጉታላችሁ። በረዶ የሚበዛበት ስቴት ከሆናችሁ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አትቁጠሩት። ይሄን ካላሰባችሁ ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ ይመረቃሉ፣ እውነቴን ነው።

የት ይቀነሳል፣ የት አይቀነስም

የቨርጂኒያውን መንገድ ሰው ይወደዋል። የክፍሉን ትምህርት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ጋር ካዋሃዱት አስተማሪው ቀድሞውንም ተከፋይ ስለሆነ 120ው ሰዓት ይቀራል። ጥሩ ነው። ግን የሚያድነው 6,600 ዶላር፣ ለአንድ ልጅ 66 ብቻ ነው። ክፍሉን ኦንላይን እናድርገው የሚለውም ሐሳብ ከዚያው ከ66ቱ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ከዚያ በላይ ተአምር አትጠብቁ።

ትልቁ ቁጠባ ያለው መኪናው ሰዓት ላይ ነው። ከስድስቱ አንዷን ሰዓት ወደ ሌላ ነገር ብትቀይሩ ለአንድ ልጅ 55 ዶላር ታተርፋላችሁ። አንዳንድ ስቴት የተወሰነውን ሰዓት በሲሙሌተር፣ ማለትም መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ፣ መተካት ይፈቅዳል፤ አሥር ልጅ አንድ አስተማሪ ጋር ሊቀመጥ ይችላል። ችግሩ ሲሙሌተሩ ራሱ ዋጋ አለው፣ ያረጃል፣ ይበላሻል። ሌላው መንገድ የድሮው ነው፤ ዝግ ሜዳ ላይ ብዙ መኪና አሰልፎ አንድ አስተማሪ በሬዲዮ ይመራቸዋል። ሰፊ ቦታና ብዙ መኪና ስለሚፈልግ ዛሬ ለአብዛኛው ትምህርት ቤት የሚሆን አይመስለኝም፣ ግን ቦታው ያለው ዲስትሪክት ካለ ማሰቡ አይከፋም።

ከአካባቢ የመኪና ዲለር መኪና በነፃ ወይም በቅናሽ መዋስም የቆየ ልማድ ነው። ጠይቁ። ነገር ግን ዲለሩ መኪናውን በነፃ ቢሰጥ እንኳ የሚቀነሰው 35 ዶላር መሆኑን ካያችሁ በኋላ ለጋዜጣ ፎቶ ከምትሰጡት ጊዜ በላይ አትስጡት።

45 እና 10 ሰዓቱን እንከተል ካላችሁስ? ክፍሉ 180፣ መኪናው 1,000፣ በ55 ሲባዛ 64,900 ዶላር። የአስተማሪው ወጪ ለአንድ ልጅ 253 ዶላር ጨመረ፣ አንድ መኪናም አይበቃም። በእኔ አስተያየት በ6 ጀምሮ ሁሉንም ልጅ ማዳረስ፣ በ10 ጀምሮ ግማሹን ከማስቀረት ይሻላል።

ለግል ድርጅት በኮንትራት መስጠትም ይቻላል፤ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ ዲስትሪክቶች አሉ። ሦስት ድርጅት ጋር ደውላችሁ ለተመሳሳይ ሰዓት ለአንድ ልጅ ስንት እንደሚሉ ጠይቁና ከራሳችሁ 531 አጠገብ አስቀምጡት። ውሉ ላይ ግን የሚቀር ልጅ ሂሳብ ማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ልጁ መኪናዋ ላይ ለመድረስ ስንት ሳምንት እንደሚጠብቅ ካልተጻፈ ርካሹ ውል ውድ ይሆናል።

ማን ይክፈል?

ሙሉ በሙሉ ነፃ ብላችሁ ከጀመራችሁ ቦርዱ በሩን ይዘጋል። ከወላጅ ትንሽ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ጣሪያውን 65 ዶላር አድርጎታል። ኢሊኖይ እስከ 50 ይፈቅዳል፣ ቦርዱ የሕዝብ ስብሰባ ጠርቶ ካጸደቀ እስከ 250፤ መክፈል የማይችል ተማሪ ግን አይከፍልም። እኛ ምሳሌ ላይ እያንዳንዱ 100 ዶላር ቢከፍልና ከመቶው 30ው ነፃ ቢሆኑ 7,000 ይገባል፣ 46,150 ይቀራል። ነፃ የሚሆኑትን ልጆች ስትቆጥሩ በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚበሉትን ቁጥር ተጠቀሙ፣ ትምህርት ቤቱ አለው።

ለቀረው ገንዘብ ሁለት በር አንኳኩ። አንዱ ስቴቱ ለዲስትሪክት የሚመልሰው የድራይቨርስ ኤድ ገንዘብ ካለ። ሁለተኛው የስቴታችሁ የመንገድ ደኅንነት ቢሮ ነው፤ የፌዴራል የትራፊክ ደኅንነት ገንዘብ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ከዚህ የሚገኘው ግን የአንድ ጊዜ ነገር ሊሆን ስለሚችል የአስተማሪ ደመወዝ አትስቀሉበት። መኪናና ሲሙሌተር ግዙበት።

ቦርዱ ፊት ስትቀርቡ

አንድ ሰው «ድራይቨርስ ኤድ አደጋ አይቀንስም፣ ተጠንቷል» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ጥናት አለ። ጆርጂያ ውስጥ ዴካልብ ካውንቲ ከ16,000 በላይ ተማሪ ያሳተፈ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፣ ለድጋፉ መዳከም አንዱ ምክንያትም እሱ ነበር። አትካዱት። በ2015 የወጣ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ከ150,000 በላይ ወጣቶችን ተከታትሎ ኮርሱን የወሰዱት ያነሰ አደጋና ያነሰ የትራፊክ ቅጣት እንደነበራቸው አግኝቷል። ሁለቱንም ጥቀሱ፣ አንዱን ደብቃችሁ ከተገኛችሁ ቁጥራችሁንም አያምኑም።

ይበልጥ የሚያሳምነው ሌላ ነገር ነው። በብዙ ስቴት 18 ዓመት ሲሞላ የኮርሱ ግዴታ ይቀራል ወይም ይቀላል። ስለዚህ ገንዘብ ያጣ ቤተሰብ ልጅ 18 እስኪሞላው ጠብቆ አስተማሪ ሳያይ መንገድ ላይ ይወጣል። ወላጅ ያስተምረው እንዳይባል፣ ቨርጂኒያ 45፣ ሜሪላንድ 60 ሰዓት ልምምድ ከወላጅ ወይም ከሌላ መንጃ ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር ይጠይቃሉ፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ይሄን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? የእኛ ሰው ይሄን ለማስረዳት ከማንም በላይ ይችላል፣ ብዙዎቻችን ኖረነዋልና።

ጊዜውንም አትርሱ። ብዙ ዲስትሪክት በጀቱ ጁላይ 1 ይጀምራል፣ ረቂቁ የሚሠራው ግን ክረምቱን (ዊንተር) ነው። ሜይ ላይ ብትሄዱ የሚቀጥለው ዓመት ይሏችኋል። ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ላይ ሂዱ። ስብሰባው ላይ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ደቂቃ ትንሽ ስለሆነ ሂሳቡን አንድ ገጽ ላይ አትማችሁ አድሉ፤ ሁሉንም ሃይስኩል ሳይሆን አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ዓመት ለሙከራ ጠይቁ። ከገጹ ጋር ከኢንሹራንስ ድርጅት የተጻፈ የዋጋ ግምት አያይዙበት፤ «ተጠያቂነቱስ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር መልሱ ወረቀቱ ላይ ይጠብቀው።