የመኪና ሪሞት ባትሪ ራሳችሁ ቀይሩት

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ እኔ መኪናዬ በር ላይ ቆሜ ሪሞቱን እጫናለሁ። ምንም የለም። ጠጋ ብዬ ተጫንኩ፣ መዳፌ ላይ መታ መታ አድርጌ ተጫንኩ፣ ሁለቱንም በተን አንድ ላይ ተጫንኩ። ዝም። የፓርኪንጉ ጥበቃ ከመጠለያው ብቅ ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ወንድሜ፣ ባትሪው ነው፤ እስቲ ብብትህ ሥር አሙቀው» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ሁለት ደቂቃ ያህል ብብቴ ሥር ይዤው ስጫነው በሩ ተከፈተ። ለነገሩ ሰውየው ልክ ነው። እነዚህ ባትሪዎች ብርድ ሲነካቸው ይደክማሉ፣ ሞቅ ሲላቸው ትንሽ ይነቃሉ።

ሲነጋ አንድ የቁልፍ ቴክኒሻን ጋ ሄድኩ። «ባትሪ ብቻ አይበቃውም፣ ፕሮግራም መደረግ አለበት» አለ። ሪሞቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመለሰ፣ ወፍራም ሒሳብ ተቀበለ። ሠራልኝ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ሞተ። አሁን ንዴት ያዘኝና ራሴ ከፈትኩት። ውስጡ ያገኘሁት ሲአር2025 የሚባለው ቀጭን ክብ ባትሪ ነው፤ ሪሞቱ የሚፈልገው ደግሞ ወፍራሙን፣ ሲአር2032ን። ክፍተቱን ለመሙላት ከሥሩ የማስቲካ ብርማ ወረቀት ታጥፎ ተጎዝጉዞለታል። ፕሮግራም የተባለው ይሄ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሪሞት ባትሪ ስለወጣለት ብቻ መኪናውን አይረሳም። ኮዱ ያለው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች አሮጌውን ማውጣት፣ አዲሱን መክተት፣ አለቀ። አንዳንድ ሞዴል ላይ ባትሪው ሞቶ ብዙ ከቆየ ቁልፉን ሰክታችሁ «ኦን» ላይ አድርጋችሁ የመቆለፊያውን በተን መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። አሠራሩ የመኪናው መመሪያ ላይ አለ፣ ገንዘብ የሚያስከፍል ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የሪሞቱ ባትሪ መሆኑን አጣሩ። ባትሪ ብዙ ጊዜ በአንዴ አይሞትም። ድሮ ከሃያ እርምጃ የሚከፍተው አሁን አምስት እርምጃ ካልቀረባችሁት አይሰማም፣ መብራቷ ትደበዝዛለች፣ አንዴ የነበረው ሦስቴ መጫን ይሆናል። አዳዲሶቹ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ሁለተኛ ቁልፍ ካላችሁ አምጥታችሁ ሞክሩት። እሱ ከሠራ የሪሞቱ ነገር ነው። ሁለቱም እኩል እምቢ ካሉ ግን የመኪናውን ባትሪ ተጠራጠሩ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም፤ ከሥር ያለው ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ በር የሚከፍተው ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ሊሞት ይችላል። እምቢ የሚለው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዙሪያችሁን እዩ፣ ምናልባት ኃይለኛ የሬዲዮ ማሰራጫ አጠገብ ቆማችኋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «ሲ» ውስጡ ያለውን ኬሚካል ይናገራል፣ «አር» ክብ ነው ማለት ነው። ሲአር2032 ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሲአር2025 ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ነው፣ ሲአር2016 ደግሞ 1.6። ሲአር1632 ጠበብ ይላል፣ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ሲአር2450 ትልቁ ነው፣ 24.5 በ5። ሁሉም 3 ቮልት ናቸው። ባለሱቁም «ያው 3 ቮልት ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚላችሁ ለዚህ ነው።

ችግር አለው። በ2032 ቦታ 2025 ሲገባ የ0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል፣ የኛ መንገድ ላይ ደግሞ ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ አንዴ ይነካል አንዴ ይለቃል። የሚይዘውም ኃይል ያንሳል፤ 2032 ወደ 220 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል፣ 2025 ወደ 160፣ 2016 ወደ 90። ብርማ ወረቀት መጎዝጎዝ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ወረቀቱ ሸርተት ካለ ሁለቱን ፊት ያገናኝና ባትሪውን ባዶ ያደርገዋል። ከሁሉም የባሰው ሁለት 2016 ደራርቦ መክተት ነው። ውፍረቱ ልክ 3.2 ይመጣል፣ «ወይ ብልሃት!» ያሰኛል። ቮልቱ ግን 6 ይሆናል፣ ሪሞቱ ሊቃጠል ይችላል። አንዳንድ የቆዩ መርሴዲስ ቁልፎች ሁለት 2025 የሚወስዱት ተሠርተው የመጡት ለሱ ስለሆነ ነው፤ እነሱን ስትቀይሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ።

ኤልአይአር2032 የሚባልም አለ። ቻርጅ የሚደረግ ነው፣ መልኩ አንድ ነው፣ ሙሉ ሲሆን ግን 4.2 ቮልት ይደርሳል። እሱን ተዉት።

የናንተ የትኛውን እንደሚፈልግ በግምት አትግዙ። የድሮ ቶዮታ ሪሞት ብዙ ጊዜ 2016 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ስማርት ቁልፎች (ኪስ ውስጥ እያሉ መኪናው በበተን የሚነሳላቸው) 1632፣ የቅርቦቹ 2032። ግን በዓመተ ምርቱ ይለያያል። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ደግሞ ምናልባት የቀድሞው ባለቤት ያስገጠመው አላርም ሊሆን ይችላል፤ የነዚህ ሪሞት ብዙ ጊዜ ትንሽዬ የባትሪ ድንጋይ የምትመስል ባለ 12 ቮልት ነው የሚወስደው፣ 23ኤ ትባላለች። ከፍታችሁ አሮጌው ላይ ያለውን አንብቡ። እሱም እኔ ሪሞት ውስጥ እንደተገኘው ሊዋሽ ስለሚችል ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀረጸ ቁጥር ካለ እሱን እመኑ፣ ከሌለ መመሪያውን እዩ።

ዋናው ጣጣ ያለው ግዢው ላይ ነው። ፓናሶኒክ፣ ሙራታ፣ ማክሴል፣ ኤነርጃይዘር፣ ቫርታ፣ ሬናታ፣ ከነዚህ ማንኛውም ኦርጅናሉ ከተገኘ ይበቃል። «ከተገኘ» የምትለው ቃል ናት ከባዷ። ስሙን ማተም ቀላል ነው። አንድ የማይረሳ ምልክት ልስጣችሁ፤ ሶኒ የባትሪ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2017 ለሙራታ አስተላልፏል። ስለዚህ ዛሬ «ሶኒ» የሚል፣ ቀኑ ደግሞ ትኩስ የሆነ ክብ ባትሪ ከተሰጣችሁ ፈገግ ብላችሁ መልሱ። በተቃራኒው ፓናሶኒክ ላይ «ኢንዶኔዥያ» የሚል ብታዩ «ጃፓን አይደለም፣ ፎርጅድ ነው» ብላችሁ አትጣሉት። ፓናሶኒክ እዚያ ያመርታል።

የሚያልፍበትን ቀን እዩ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። ማሸጊያው ላይ 2024 የሚል አይተን በኛ አቆጣጠር ስናስበው «ኧረ ገና ነው፣ ስንት ዓመት ይቀረዋል» እንላለን። በፈረንጅ ነው የተጻፈው! አልፎበታል። ጥሩ ባትሪ ሳይከፈት እስከ 10 ዓመት ይቆያል፣ በመደበኛ ሙቀት በዓመት የሚጠፋው ኃይል 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ እናም ለማለፍ አንድ ዓመት የቀረው ከሆነ ሱቅ ውስጥ ብዙ የከረመ ዕቃ ነው። ሙቀት ቶሎ ያደክመዋል። ከሱቅ በደረቴ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ መስታወት ውስጥ አልገዛም። ብልቃጥ ውስጥ ተደባልቆ የተቀመጠውንም አልነካም፤ አንዱ ካንዱ ሲነካካ ነው የሚኖረው፣ እዚያው እየተጨራረሰ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ታሽጎ ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ግዙ።

ሚዛንም ይረዳል። እውነተኛ ሲአር2032 ወደ 3 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ቤት ዘመድ ያላችሁ አስመዝኑት (ቀልዴን አይደለም፣ አድርጌዋለሁ፣ ልጁ ሳቀብኝ እንጂ መዝኖልኛል)። በጣም ከቀለለ ውስጡ ጎድሎ ነው። ጽሑፉንም በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ ጥሩዎቹ ብረቱ ላይ የተቀረጹ ናቸው፣ በቀለም የታተመና የሚለቅ ከሆነ ይለፋችሁ። ባለሱቁ ቴስተር ካለው ይለካላችሁ፤ አዲስ ከ3 ቮልት በላይ፣ ብዙ ጊዜ 3.2 አካባቢ ማሳየት አለበት። ግን በቁጥሩ ብቻ አትታለሉ። ደካማ ባትሪም ሥራ ሳይዝ ሲለካ 3 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ ሪሞቱ ሲጠይቀው ነው ዘጭ የሚለው።

ዱራሴል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች እንዳይውጡት ፊቱን መራራ ነገር ይቀቡታል፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ቅቡ አንዳንድ መሣሪያ ላይ ኤሌክትሪኩን ይከለክላል፤ አፕል ራሱ ለኤርታግ (የጠፋ ዕቃ መፈለጊያው) እንዲህ ዓይነት ቅብ ያለው ባትሪ ላይሠራ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። አዲስ አስገብታችሁ ሪሞቱ ዝም ካለ ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት ፊቱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉትና ሲደርቅ ሞክሩት።

አከፋፈቱ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ዘርጉ፣ የሚወድቅ ነገር እንዲታይ። ስማርት ቁልፍ ከሆነ ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ ትንሽ መግፊያ አለች፣ እሷን ገፍታችሁ የብረቱን ቁልፍ ሳቡት። ብረቱ በወጣበት በኩል ወይም ጠርዙ ላይ ጠባብ ስንጥቅ ታያላችሁ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልላችሁ አስገቡና አዙሩት። አዙሩት ነው ያልኩት፣ አትፈንቅሉት፤ ስትፈነቅሉ ፕላስቲኩ ይጫጫራል ወይም ይሰበራል። ቢላዋ አትሞክሩ። የአውራ ጣቴ ጠባሳ ምስክር ነው። ትንሽ ብሎን ያለውም አለ፣ ስለዚህ እምቢ ሲላችሁ ከመታገል በፊት ዞር ዞር አድርጋችሁ እዩት።

ሲከፈት ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። የተጻፈበትና የ+ ምልክት ያለው ሰፊው ፊት ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ከቁልፍ ቁልፍ ይለያያል። ባትሪውን በብረት መቆንጠጫ ሳይሆን በስቴኪኒ ከጠርዙ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ባትሪውን የሚነኩት ቀጫጭን ብረቶች እንዳይጣመሙ። አረንጓዴ ነገር ካበቀሉ በአልኮል ጥረጉ። አዲሱን በደረቅ እጅ ጠርዙን ይዛችሁ አስገቡ፣ ክዳኑን ዙሪያውን ጫን ጫን እያላችሁ ግጠሙ።

በብረት ሞተር የሚያስነሳ ቁልፍ ያላችሁ ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ። በብዙዎቹ የቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ቺፕ አለች፣ ለብቻዋ የተቀመጠች። የእህቴን ባል ቁልፍ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀየርኩለት፣ ሪሞቱ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ጎሽ ተባልኩ። ሞተር ሊያስነሳ ሲል ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ቺፕዋ ወድቃ ኖሯል። መኪናው የሚያውቀው እሷን ነው፣ እሷ ከሌለች ቁልፉ ለመኪናው የሌባ ቁልፍ ነው። በነጋታው ከጥራጊ ውስጥ አገኘናት፤ እስክትገኝ ድረስ ግን ቡናውም አልጣመኝ። ያቺ ቺፕ ባትሪ አትፈልግም፣ ስለዚህ ቦታዋ ካለች ሪሞቱ ቢሞትም ሞተሩ ይነሳል።

ስማርት ቁልፍ ላይም ያው ነው። መንገድ ላይ ባትሪው ካለቀ በሩን በብረቱ ቁልፍ ክፈቱ (ቀዳዳው አንዳንዴ እጀታው ሥር ተሸፍኖ ነው ያለው)። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ቁልፉን ማስነሻው በተን ላይ አስጠጉት፤ ቶዮታ ላይ አርማው ያለበትን ፊት። ሌሎች መኪኖች የተወሰነ ማስቀመጫ ቦታ አላቸው፣ ቀን በሰላም ሳላችሁ መመሪያው ላይ ፈልጉት።

የወጣው ባትሪ ላይ አትዘናጉ። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮ ላይ ተቀርቅሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፣ «አልቋል» የተባለውም ጭምር። ተውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። አሮጌውን ሁለቱንም ፊት በናስትሮ ጠቅልላችሁ ልጅ ከማይደርስበት አርቁት።

ስማርት ቁልፍ ባትነኩትም ባትሪ ይበላል፣ ሁሌ የመኪናውን ሞገድ እያዳመጠ ነውና። ከቴሌቪዥን፣ ከላፕቶፕና ከስልክ ቻርጀር አጠገብ ስታስቀምጡት ይብሳል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የመቆለፊያውን በተን እንደያዛችሁ የመክፈቻውን ሁለቴ ብትጫኑ መብራቷ አራት ጊዜ ብልጭ ትልና ቁልፉ ይተኛል፤ በተን ስትጫኑ ይነቃል። ለማትይዙት ሁለተኛ ቁልፍ ጥሩ ነው።

ትርፍ ባትሪ መኪናው ኪስ ውስጥ የምታስቀምጡ ሰዎች ደግሞ አላችሁ። በሩ እምቢ ሲል በመስኮት ልታዩት ነው? ከነማሸጊያው ቦርሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ከሳንቲም ጋር ሳይቀላቀል።